የአርሴማ አገር ድንጋዮች፦ በሁለት ኃያላን መካከል የተሠራ ጥበብ

ቅድስት አርሴማን እኛ አገር የማያውቅ የለም። መስከረም 29 ሲደርስ ስለት የሚያስገባው፣ ጸበል የሚጠመቀው፣ ጧፍ ይዞ የሚጎርፈው ሕዝብ ብዙ ነው። ንጉሥ ድርጣድስ ደሟን አፍስሶ ወደ እሪያነት መለወጡን፣ ጎርጎርዮስም ከጉድጓድ ወጥቶ እንደፈወሰው ገድሏን ያዳመጠ ሁሉ ያውቃል። መቃብሯ ላይ በ618 የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሞ እንደሚገኝ ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። ያለው አርመንያ ውስጥ፣ ከየሬቫን ብዙም በማትርቀው በኤችሚያጂን ከተማ ነው። እነሱ ህሪፕሲሜ ይሏታል። ሕንጻው ፍርስራሽ አይደለም፤ ይቀደስበታል።

የዛሬው ጽሑፍ ያንን ቤተ ክርስቲያን ስለወለደው ጥበብ ነው። ዘመኑ በግምት ከ300 እስከ 700 ያለው ነው፦ የሮም አማልክት እየከሰሙ ክርስትና ቤተ መንግሥት የገባበት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ እስልምና የተነሣበት። በእኛ በኩል አክሱም የገነነችበት ጊዜ መሆኑ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ካርታው ይግባን። አርመንያ ተራራማ አገር ናት። በምዕራቧ ሮም አለ፤ በኋላ ቢዛንታይን የምንለው። በምሥራቋ ፋርስ። ሁለቱ ሲጣሉ የሚዋጉት እሷ ላይ ነው፤ ሲታረቁም የሚካፈሉት እሷን ነው። በ387 ገደማ ለሁለት ከፈሏት፤ ትልቁ ድርሻ ለፋርስ ሄደ። በ428 ደግሞ በፋርስ በኩል የነበረው የአርመን ንግሥና ጭራሹን ቀረ። ከዚያ ወዲያ የቀሩት የየራሳቸው ጦር ያላቸው መሳፍንትና ካቶሊኮስ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን አባት ናቸው። ይህን ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የምናየውን ሁሉ "ማን አሠራው?" ብትሉ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ትውፊቱ አርመንያ ክርስትናን በ301 የመንግሥት ሃይማኖት አደረገች ይላል። ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ግን ወደ 314 ያስጠጉታል። ለእኛ ጉዳይ የዓመቱ ልዩነት ብዙም ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው የተቀባዮቹ ማንነት ነው። ነገሥታቱ አርሻኩኒ ይባላሉ። ዘራቸው የሚመዘዘው ከፓርቲያ፣ ማለትም ከቀድሞዎቹ የፋርስ ገዢዎች ነው። አለባበሳቸው፣ አደናቸው፣ ግብራቸው፣ የስም አወጣጣቸው ሳይቀር ኢራናዊ ነው። ክርስትናው ግን ከቀጰዶቅያና ከሶርያ መጣ። ስለዚህ ገና ከጅምሩ የአርመን ክርስቲያናዊ ጥበብ የምዕራቡን እምነት በምሥራቁ ምልክት መናገር ነበረበት።

እሪያውን እንውሰድ። ንጉሡ ለምን ሌላ እንስሳ አልሆነም? መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ናቡከደነፆር እንደ በሬ ሣር መብላቱን ያስታውሳል። ታሪኩን የጻፈው አጋታንጌሎስም ያንን ያውቃል፤ ንጉሡን ከናቡከደነፆር ጋር ያነጻጽረዋል። እንስሳውን ግን ቀየረው። በኢራን ዓለም የዱር አሳማ የድል አምላክ ምልክት ነው። አርመኖች ይህን አምላክ ቫሃግን ይሉት ነበር። የዱር አሳማ ማለት ለንጉሥ ውርደት አይደለም፤ ኃይልና ጀግንነት ነው። እንግዲህ ድርጣድስን እሪያ ማድረግ የሚመካበትን ምልክት በራሱ ላይ ማዞር ይሆናል። ይህ የሊቃውንት ትርጓሜ ነው፤ እኔ በበኩሌ እቀበለዋለሁ።

ድንጋዩም አብሮ ይናገራል። አርመኖች በዚያ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ባለ አራት ፊት ረጃጅም የድንጋይ ሐውልቶች ያቆሙ ነበር። ሐውልቱ የሚያርፈው ሣጥን በሚመስል መሠረት ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ መስቀል ነበረው። በአራቱም ፊት ከላይ እስከ ታች ሥዕል ይቀረጽበታል፦ እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ሐዋርያት፣ መላእክት። ከነዚህ በአንዳንዶቹ ላይ፣ ለምሳሌ ኦዙን በሚባለው ቦታ፣ ንጉሡ በሰው ገላ ላይ የአሳማ ራስ ይዞ፣ በልብሰ መንግሥቱ ቆሞ ይታያል። ከልብሱ ንጉሥነቱ ይታወቃል፤ ከራሱ የደረሰበት ይታወቃል። በጎብኚ መጽሔት የምናያቸው ጥልፍ የሚመስሉ የአርመን የመስቀል ድንጋዮች፣ ኻችካር የሚባሉት፣ ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው። ዓመቱ ከተጻፈባቸው ውስጥ ቀደም የሚለው ጋርኒ ያለው የ879ኙ ነው።

አሁን ወደ አጥንት ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። በ360ዎቹ የፋርሱ ንጉሥ የዳግማዊ ሻፑር ሠራዊት የአርመን ነገሥታትን መቃብር ሰብሮ አጥንታቸውን ጭኖ ሄደ። ለምን አጥንት? የ5ኛው ክፍለ ዘመን የአርመን ታሪክ ምክንያቱን ያስቀምጣል፦ የነገሥታቱ ክብር፣ ዕድልና ጀግንነት ከአጥንታቸው ጋር ወደ ፋርስ ይሄዳል ብለው ነው። የአርመን የጦር አዛዥ ቫሳክ ማሚኮንያን ደርሶ አስጣላቸው። በሌላ ጸሐፊ ትረካ ደግሞ የአረማውያኑና የክርስቲያኖቹ ነገሥታት አጥንት ተቀላቅሎ መለየት አልተቻለም። ስለዚህ ሁሉንም በአራጋትስ ተራራ ግርጌ፣ አግትስክ በሚባል ቦታ አንድ ላይ ቀበሯቸው።

መቃብሩ ዛሬም አለ። በከፊል ከመሬት በታች የወረደ ክፍል ነው። በአንዱ በኩል ዳንኤል በአናብስት መካከል ቆሟል። በሌላው በኩል አዳኝ ከውሾቹ ጋር የዱር አሳማ ይወጋል። አንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ፣ አንዱ የኢራን መሳፍንት ሥዕል፤ በአንድ ቤት። ውስጥ ያሉት አጥንቶችም እንደዚያው የተቀላቀሉ ነበሩ።

አደኑ ከነገሥታቱ ጋር አልሞተም። የ6ኛው ወይም የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሕንጻ በሆነው በፕትግኒ ቤተ ክርስቲያን፣ በመስኮት ቅስት ላይ፣ ፈረሰኛ ወደ ኋላ ዞሮ አንበሳ ላይ ቀስት ይወረውራል። ፈረስ እየጋለቡ ወደ ኋላ መወርወር የፓርቲያ ፈረሰኞች መታወቂያ ነበር። ጎኑ ላይ ስሙ ተጽፏል፦ ማኑኤል፣ የአማቱኒ ጌታ። እዚያው ቅስት ላይ መላእክት የክርስቶስን ምስል ተሸክመው ይበራሉ። መስፍኑ ከመላእክቱ ጋር አንድ ቅስት መጋራቱ ለዚያ ዘመን ሰው ድፍረት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠብቅ ቤተሰብ ነው፤ እዚያ መታየት አለበት።

ይህንኑ መደራረብ ከመሬት በታችም ታገኙታላችሁ። የኤችሚያጂን ካቴድራል የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር ነው። አመሠራረቱን ትውፊቱ ለጎርጎርዮስ ይሰጣል፤ በ480ዎቹ ቫሃን ማሚኮንያን አድሶ አሠራው። በ1950ዎቹ አሌክሳንደር ሳሂንያን የሚባል አርክቴክት ከመሠዊያው ሥር ሲቆፍር፣ የእሳት መሠዊያ ነው ያለውን ቅሪት አገኘ። ፋርሶች በየጊዜው እሳት አምልኮን ሊጭኑባቸው ሞክረዋልና ነገሩ ብዙ አያስደንቅም። በ451 በአቫራይር ሜዳ የአርመን የጦር አዛዥ ቫርዳን ማሚኮንያን ከፋርሶች ጋር ሲዋጋ የሞተው ለዚሁ ጉዳይ ነው።

ግድግዳው እንዴት ይቆማል?

ወደ አርሴማ ቤተ ክርስቲያን እንመለስና አሠራሩን እንየው።

አርመንያ የእሳተ ገሞራ አገር ናት። ቱፍ የሚባል ቀለል ያለ፣ ለመጥረብ የሚመች ድንጋይ ሞልቷታል፤ ቀለሙ ከሮዝ እስከ ጥቁር ይሄዳል። የሩቅ ፎቶ ያየ ሰው ግድግዳው በትልልቅ ጥርብ ድንጋይ የተገነባ ይመስለዋል። አይደለም። ከውጭና ከውስጥ የምታዩት ድንጋይ ሽፋን ነው። መሐሉ በኖራ የተለወሰ ስብርባሪ ድንጋይ ነው። ዛሬ ግንበኛ ኮንክሪት ሊሞላ ሲል ጣውላ ያቆማል፤ ኮንክሪቱ ሲደርቅ ጣውላውን ያነሣዋል። እዚህ ጣውላውን የተካው ጥርብ ድንጋይ ነው፣ እሱም አይነሣም። ኖራው ሲጠነክር ግድግዳው እንዳለ አንድ አለት ይሆናል። የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም።

ቀጣዩ ጥያቄ ጉልላቱ ነው። ክብ ጉልላት አራት ማዕዘን ክፍል ላይ እንዴት ይቀመጣል? ማዕዘኖቹ ባዶ ይቀራሉ። የአርሴማ ቤተ ክርስቲያን አናጺዎች መልሱን ከወለሉ ጀመሩት። በአራቱ አቅጣጫ አራት ግማሽ ክብ ክፍሎች አወጡ። በመሐላቸው፣ በየማዕዘኑ፣ ወደ ግድግዳው የገቡ አራት ጠባብ ክብ ጥጎች ጨመሩ። በዚህ መሐለኛው ክፍል ስምንት ጎን አገኘ፤ ስምንት ጎን ደግሞ ወደ ክብ ቅርብ ነው። የቀረችውን ልዩነት በየማዕዘኑ ላይ በተጣሉ ትናንሽ ቅስቶች አቃለሏት። ውስጥ ገብቶ ቀና የሚል ሰው ይህን ሁሉ አያስብም። ዓይኑ ሳይደናቀፍ ሽቅብ ይወጣል።

ከውጭ ግን ሕንጻው ቀጥ ያለ ሣጥን ነው። ውስጡ ክብ፣ ውጭው ሣጥን ሲሆን በመሐል ወፍራም፣ ከባድ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ ላይ ግድግዳውን ወደ ውስጥ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ቦረቦሩት። ክብደቱ ይቀንሳል፤ ፀሐይ ስትዞር ደግሞ ግድግዳው ላይ ጥልቅ ጥላ ይወድቃል። ሌላ ጌጥ እምብዛም የለውም፤ አልፈለገምም።

ይህን ቅርጽ ማን ቀድሞ ሠራው የሚለው ክርክር አያልቅም። አርመኖች ከየሬቫን ዳር ያለውን የአቫንን ቤተ ክርስቲያን ይጠቅሳሉ። ጆርጂያውያን በምጽኬታ ኮረብታ ላይ ያለውን ጅቫሪን ያነሳሉ። ሁለቱም በ600 አካባቢ የተሠሩ ናቸው። በ1918 ደግሞ የቪየናው ምሁር ዮሴፍ ስትርዚጎቭስኪ የአውሮፓ ሕንጻ ጥበብ ሥሩ አርመንያ ነው ብሎ ተነሣ። ክርክሩን ከዘር ጋር ስላያያዘው ብዙ ጉዳት አደረሰ። እኔ "የመጀመሪያው እኛ ነን" የሚለው ፉክክር አይጥመኝም። ይልቅ አቫን ራሷ የምትነግረን ነገር ይበልጥብኛል። በ591 ቢዛንታይንና ፋርስ አርመንያን እንደገና ሲካፈሉ ድንበሩ አንዲት ወንዝ ላይ ዋለ። ካቶሊኮሱ ያለው በፋርስ በኩል፣ ድቪን በምትባል ከተማ ነው። ቢዛንታይኖችም በእነሱ በኩል ሌላ ካቶሊኮስ ሾሙና አቫን ላይ አስቀመጡት። ቤተ ክርስቲያኗ የእሱ መንበር ናት። ያን የመሰለ ፍጹም ሕንጻ የወለደው ክፍፍል ነው።

የወደቀው ዝቫርትኖትስ

ከኤችሚያጂን ወጣ ብሎ ዝቫርትኖትስ አለ። የዘመኑ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው። ያሠራው ካቶሊኮስ ኔርሴስ 3ኛ ነው፤ "ሐናጺው" ይሉታል። ጊዜውን አስቡት። ዓረቦች ድቪንን የያዙት በ640 ነው። አገሩ በጦርነት እየታመሰ፣ እሱ በ640ዎቹ ክብ፣ ባለ ብዙ ደረጃ ካቴድራልና ከጎኑ ቤተ መንግሥት የሚያህል መኖሪያ ያስገነባል። ኔርሴስ ወደ ቢዛንታይን ያዘነብላል። በዓምዶቹ ራስ ላይ ስሙንና ማዕረጉን ያስቀረጸው በግሪክ ፊደል ነው። ሌሎች ዓምዶች ላይ ትልልቅ ንስሮች ክንፋቸውን ዘርግተዋል። የፀሐይ ሰዓቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አርመንኛ ነው። ቅስቶቹ መሐል ወይንና ሮማን ተቀርጿል። ከሁሉም የምወደው ግን እዚያው ያሉትን ሰዎች ነው፦ አካፋና መሣሪያ የያዙ ሠራተኞች። አንደኛው "ዮሐንስ" የሚል ስም ተጽፎለታል። መስፍን አይደለም፣ ቅዱስም አይደለም፤ ሠራተኛ ይመስላል።

ሕንጻው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ወደቀና አፈር በላው። በ1900 ቁፋሮ ሲጀመር የተገኘው መሠረቱና የተበታተነ ድንጋይ ነው። ቶሮስ ቶራማንያን የሚባል አርክቴክት ድንጋዮቹን ለክቶ ሕንጻው ሦስት ደረጃ ነበረው አለ። ብዙዎች አላመኑትም። በ1906 ደግሞ አኒ በምትባለው ጥንታዊ ከተማ የንጉሥ ጋጊክ ሐውልት ከመሬት ወጣ። ንጉሡ በ1000 ገደማ ዝቫርትኖትስን አስመስሎ ቤተ ክርስቲያን ማሠራቱን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቧል። ሐውልቱ በእጁ የያዘው የዚያን ቤተ ክርስቲያን ሞዴል ነበር፤ ባለ ሦስት ደረጃ። ቶራማንያን ተካሰ። ስለ ከፍታው የሚከራከሩ አሁንም አሉ፤ ሐውልቱም ቢሆን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የገባበት ጠፍቶ የቀረው ስብርባሪ ነው።

ፊደሉና ሥዕሉ

በ405 ገደማ ሜስሮፕ ማሽቶትስ የሚባል መነኩሴ ለአርመንኛ 36 ፊደል አወጣ። ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ግሪክና ሶርያ ነበር፤ ሕዝቡ በአስተርጓሚ ይሰማል። መጀመሪያ የተረጎሙት ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፈ ምሳሌ ነው፦ "ጥበብንና ተግሣጽን ለማወቅ።" ፊደሎቹ አንዳንዶቹ የግዕዝን ስለሚመስሉ ከእኛ ሄዱ የሚሉ አሉ። መመሳሰሉ ዓይን ይስባል፣ ማስረጃ ግን አይደለም። የማሽቶትስን ሕይወት የጻፈው ተማሪው ኮርዩን ስለ ሶርያና ስለ ግሪክ ይናገራል እንጂ የእኛን ፊደል አያነሣም። የአርሴማን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ካቶሊኮስ ኮሚታስ ለእሷና ለባልንጀሮቿ መዝሙርም ደርሷል። መዝሙሩ 36 አንጓ አለው፤ እያንዳንዱ በተከታዩ ፊደል ይጀምራል። ፊደል በገባ በሁለት መቶ ዓመት ገደማ፣ ፊደሉ ራሱ የምስጋና መሣሪያ ሆኗል።

በግድግዳ ላይ ከነበረው ሥዕል የተረፈው ትንሽ ነው። እንደነበረ የምናውቀው በጠብ ምክንያት ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥዕል ይጥፋ የሚሉ መነኮሳት ተነሡ። ቨርታኔስ የሚባል ሊቅ መልስ ጻፈላቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች ሲዘረዝር ጎርጎርዮስን፣ እስጢፋኖስን፣ ጋያኔንና አርሴማን ይጠራል። ቀለም ርኩስ ነው ለሚሉት ደግሞ አሪፍ መልስ አለው። ወንጌል የምትጽፉበት ቀለም ከሚበላ ነገር አይሠራም፤ የሥዕሉ ቀለም ግን ወተትና እንቁላል ይገባበታል፤ ታዲያ የቱ ነው የሚጸየፉት?

በመጽሐፍ በኩል ዕድለኞች ነን። ኤችሚያጂን ወንጌል የሚባለው ብራና የተጻፈው በ989 ነው። መጨረሻው ላይ ግን ከሌላ፣ በጣም ቀደም ካለ መጽሐፍ የመጡ አራት ሥዕሎች ተሰፍተዋል፤ የ6ኛው ወይም የ7ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ሰብአ ሰገል እዚያ የለበሱት የፋርስ ሱሪ ነው። ሠዓሊው ፋርሶችን ለመሳል ማሰብ አላስፈለገውም፤ ጎረቤቶቹ ናቸው። የመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አውሳብዮስ ዘቂሳርያ አራቱን ወንጌላት ለማመሳከር ያዘጋጀው ቀመር በዓምዶችና በቅስቶች ውስጥ ተጽፏል። ማብቂያው ላይ ክብ ጣሪያ ያለው ትንሽ ድንኳን መሰል ሕንጻ ይታያል። ይህችው ሕንጻ አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ባሉት ወንጌሎችም ውስጥ አለች። የገሪማ ብራናዎች በካርበን ሲመረመሩ ከ4ኛው መጨረሻ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቀዋል። አርመኑ ከእኛ ቀዳ ወይም እኛ ከአርመን ቀዳን ማለት አይደለም። ሁለታችንም የቀዳነው ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ ነው፤ በሌላው ዓለም የዚያ ዓይነት መጽሐፍ አብዛኛው ሲጠፋ፣ ዳር ላይ ያለነው ይዘን ቆየን።

ኢየሩሳሌም ውስጥም አንድ አለ፤ ከደብረ ገነት ገዳማችን በእግር የሚደረስ ነው። በ1894 ከደማስቆ በር ውጭ የተገኘ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የሞዛይክ ወለል ነው። ከእንስራ የወይን ሐረግ ይወጣል፤ በየሐረጉ ቀለበት ውስጥ ወፍ አለ፤ አንዷ በቀፎ ተዘግታለች። አሠራሩ የዚያ አገር ነው። በጋዛ አካባቢም እንዲህ ያለ ወለል ተገኝቷል። የአርመን የሆነው ጽሑፉ ነው፦ ስማቸውን እግዚአብሔር ለሚያውቃቸው አርመናውያን ሁሉ መታሰቢያና ድኅነት ይሁን ይላል።

ከዚህ ቅርስ ብዙው ዛሬ ከአርመንያ ድንበር ውጭ፣ በምሥራቅ ቱርክ ነው ያለው። ተኮር የምትባለው ቤተ ክርስቲያን በአርመንኛ ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚ የሚባለውን የ480ዎቹን የድንጋይ ጽሑፍ ይዛ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀች። የምናውቃት ያው ቶራማንያን አስቀድሞ ለክቶ ፎቶ ስላነሣት ነው። ካርስ አካባቢ ያለችው ምረን ደግሞ በ630ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ናት፤ ጽሑፏ የቢዛንታይኑን ንጉሥ የሕርቃልን ስም ይጠራል። በሰሜን በሯ ላይ ያለውን ቅርጽ ተመራማሪዎች የክርስቶስ መስቀል ከፋርስ ምርኮ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰበት ታሪክ ነው ብለው ያነቡታል፤ መስቀሉ ከተመለሰ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ የተቀረጸ መሆኑ ነው። ሽፋን ድንጋዩን ለቤት መሥሪያ እየነቀሉ ወስደውታል። ሽፋኑ ሲነሣ ኖራው ውኃ ይጠጣል። የደቡቡ ግድግዳ በቅርብ ዓመታት ተደርምሷል፤ የሰሜኑ በር አልወደቀም።